ጠብታ ደም ስም አትጠራም

ሰሞኑን ከከሚሴ እስከ ቆቦ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር የከረመ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ነገሩ ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶችንና የኤችአይቪ ምርመራን ይመለከታል። ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩበትም፤ ብዕራቸው ግን የሰላ ነው፣ ለወሎ ተቆርቁረው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ስለዚህ በስድብ አይመለስላቸውም፤ ያሉትን ሳያጣምሙ አስቀምጦ አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

ያሉት ይህ ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ሰው ወሎ ውስጥ የለም፤ ወሬው ከውጭ የገባ ነው። ሁለተኛ፣ ኤችአይቪ በመሠረቱ የእነሱ በሽታ ነው፤ ትዳሩን ይዞ የሚኖር ሰው ምርመራ አያሻውም። ሦስተኛ፣ የጣት ደም ምርመራው ራሱ አይታመንም፤ ዛሬ «ነጻ ነህ» ያለውን ሰው ከወር በኋላ «አለብህ» ይለዋል። አራተኛ፣ ሕመም ያልተሰማው ሰው ምልክት እስኪታይ ቢጠብቅ ይሻለዋል። አምስተኛ፣ በየጤና ጣቢያው ለእነሱ መከላከያ ክኒን ይታደላል፤ የሕክምናው መድኃኒትም በሽተኛውን አቁሞ እያስኬደ በሽታውን ያዛምታል። በመጨረሻም፣ የጤና ባለሙያ ሊመረመር የመጣውን ወንድ ከማን ጋር እንደተኛ እየጠየቀ ለፖሊስ ያስታውቅ ይላሉ።

ጸሐፊው መጀመሪያ ላይ «የሉም» ብለው መጨረሻ ላይ «ይጠቆሙ» ማለታቸውን ልብ ይሏል። የሌለ ሰው አይጠቆምም። «የሉም» ለሚለው ያቀረቡት ማስረጃ አኃዝ አለመኖሩ ነው። የአገሪቱ የኤችአይቪ ስትራቴጂ በተለይ ተጋላጭ ብሎ የሚዘረዝራቸው ሴተኛ አዳሪዎችን፣ የሕግ ታራሚዎችን፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮችንና የመሳሰሉትን ነው፤ ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ ሪፖርት ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ዜሮው የመዝገቡ ነው እንጂ የአገሩ አይደለም። በተቆጠረበት ምን እንደሚመስል ለማየት፣ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ለ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው አኃዝ ሪፖርት ባደረጉ አገሮች የኤችአይቪ ስርጭት መካከለኛው ልክ በአዋቂዎች 0.8 በመቶ፣ ከወንድ ጋር በሚተኙ ወንዶች 7.7 በመቶ መሆኑን ያሳያል።

ጽሑፉ እነዚህን ሰዎች የሚጠራበትን ስም እዚህ አልደግመውም። የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ለሕክምና ሥራ አይረባም። ከሴትም ከወንድም ጋር የሚተኛ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ራሱንም በምንም ስም የማይጠራ ሰው «አንተ እንትን ነህ ወይ?» ቢባል ከልቡ «አይደለሁም» ይላል። ቫይረሱ የሚተላለፈው ግን በድርጊት ነው። አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልተውላቸው፦ ከሌላ አገር የተገለበጠ መፈክርና ፖስተር ደሴ ላይ ቢለጠፍ ጥቅሙ አይታየኝም። እዚህ የሚያስፈልገው የሚሠራ የመመርመሪያ ኪት፣ አፉን የሚጠብቅ ነርስና በሩ የሚዘጋ ክፍል ነው።

«የእነሱ በሽታ ነው» ወደሚለው ስንመጣ፣ ቁጥሩ ራሱ ይመልስላቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል በኤችአይቪ የተያዙትን 0.9 በመቶ አድርጎ ነበር ያገኘው። በአማራ ክልል 1.2 በመቶ፤ በአገር ደረጃ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4። በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6። በሽታው የወንድና የወንድ ቢሆን ኖሮ ሴቶች በእጥፍ አይበልጡም ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይረሱ በዋናነት የተጓዘው በወንድና በሴት መካከል ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ግንኙነት እኩል ያጋልጣል ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። አንደኛው ወገን ኤችአይቪ ቢኖርበትና መድኃኒት ባይወስድ፣ ኮንዶምም ባይኖር፣ በየ10,000 ግንኙነት የመተላለፉ ግምት እንዲህ ነው፦ በፊንጢጣ በኩል ለሚቀበለው 138፣ ለሚያስገባው 11፤ በሴት ብልት በኩል ለሴቷ 8፣ ለወንዱ 4። ልዩነቱን ያመጣው ኃጢአት አይደለም፤ ሥጋ ነው። የብልት ግድግዳ በበርካታ የሕዋስ ንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን የፊንጢጣ ውስጠኛው ሽፋን ግን አንድ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩም ቫይረሱ የሚፈልጋቸው የመከላከያ ሕዋሳት በብዛት አሉ። 138 ከ10,000 ትንሽ ይመስላል። 50 ጊዜ ከተደጋገመ ግን አደጋው ከሁለት አንድ ይደርሳል።

በሦስት አሥርት ዓመታት የኤችአይቪ ትምህርት ግድግዳ ላይ የተሳለው ሥዕል ወንድና ሴት ነበር። ከዚህ «ከወንድ ጋር ከሆነ አይተላለፍም» የሚል ድምዳሜ የሚወስድ ወጣት ሞኝ አይደለም፤ የተነገረውን ነው ያመነው። አደገኛው መንገድ ነው ሳይነገር የቀረው።

ትዳር ውስጥ ላለውም የሚጠቅም ነገር እዚህ አለ። ሚስት ስታረግዝ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ትመረመራለች። «ነጻ ነሽ» ስትባል ባል «እኔም ነጻ ነኝ» ይላል። አይደለም። ከላይ እንዳየነው ከወንድ ወደ ሴት በአንድ ግንኙነት የመተላለፉ ዕድል ከ10,000 ወደ 8 ነው፤ ባል ቫይረሱን ይዞ ሚስት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይተላለፍባት ልትቆይ ትችላለች። የሚስት ውጤት የሚስት ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ከጋብቻ በፊት የሚጠይቁት ምርመራ መልካም ነው፤ ወሎ ውስጥ ሼሁም ቄሱም በዚህ አንድ ናቸው። ነገር ግን ያ ወረቀት ስላለፈው እንጂ ስለሚመጣው አይመሰክርም፤ በሠርጉ ዋዜማ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ያለፉትን 3 ወራት እንኳ በሙሉ አይሸፍንም።

ይህ ወደ ሦስተኛው ክስ ይወስደናል፦ ምርመራው ይዋሻል። ጸሐፊው የጠቀሱት ዓይነት ሰው፣ ዛሬ ነጻ ተብሎ ከወር በኋላ አለብህ የተባለ፣ በእርግጥ ሊኖር ይችላል። ግን ለምን?

በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ በማግሥቱ አይሠራም፤ በእነዚህ ኪቶች ለመታየት ከ23 እስከ 90 ቀን ይወስዳል። አማካሪዎች ዊንዶ ፔሬድ የሚሉት ይህንን ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ ገና ያልተሠራ ነገር ፈልግ ተብሎ አጣ። በዚያ ጊዜ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍተኛ ስለሆነ ሰውየው ለሌላው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተላልፍበት ወቅት ነው።

ስለዚህ አቆጣጠሩን ማወቅ ይበጃል። ያጋለጠው ግንኙነት መስከረም 1 ቀን ነበር እንበል። በዚያው ሳምንት አንድ ምርመራ ይደረጋል፤ ይህ ከዚያ በፊት የነበረ ነገር እንዳለ ለማወቅ ነው። ወደ ጥቅምት አጋማሽ ሌላ። «ነጻ» የሚለው ቃል የሚጸናው ግን ከታኅሣሥ 1 ቀን ወዲህ በሚሠራው ነው፤ ያውም በመካከሉ ሌላ የሚያጋልጥ ግንኙነት ካልነበረ። ከነበረ ቀኑ እንደገና ከዚያ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በሌለበት «አለበት» የሚል ምርመራስ? ይህም አለ፤ ለዚህም ነው በአንድ ኪት ብቻ «አለብህ» የማይባለው። ስሌቱ ቀላል ነው። ስርጭቱ 1.2 በመቶ በሆነበት አካባቢ 1,000 ሰው ቢመረመር ቫይረሱ ያለባቸው 12 ናቸው። ኪቱ ነጻ የሆኑትን በ99 በመቶ በትክክል ይለያል ብንል፣ ከቀሩት 988 ውስጥ ወደ 10 የሚጠጉት ላይ በስሕተት መስመር ያወጣል። በመጀመሪያው ኪት መስመር ከወጣባቸው 22 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ነጻ ናቸው ማለት ነው! ስለዚህ ሁለተኛ ዓይነት ኪት፣ ከዚያም ሦስተኛ ዓይነት ይጨመራል፤ ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ነው «አለብህ» የሚባለው። እግረ መንገዱን፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት እንደገና አረጋግጡልኝ ማለት ነውር አይደለም፤ የአሠራሩ አካል ነው።

ኪት በአያያዝም ይበላሻል። ጣት በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ሳይደርቅ ቢበጣ አልኮሉ ከደሙ ይቀላቀላል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትጠረጋለች፤ ሁለተኛዋ ትወሰዳለች። ጣትን እንደ ሎሚ መጭመቅ ደሙን ያቀጥነዋል፤ እጅን ወደ ታች አድርጎ ማሞቅ ይሻላል፣ በተለይ በደሴ ብርድ። የሚጨመረው ፈሳሽ ከታዘዘው ጠብታ ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣ ውጤቱም ከተባለው ደቂቃ በፊት ወይም እጅግ ዘግይቶ ቢነበብ ያሳስታል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው ከሽፏል፤ ነጻ ማለት አይደለም፤ በአዲስ ኪት ይደገማል። የመመርመሪያው መስመር ደብዝዛ ብትወጣም መስመር ናት።

ሰው ሳያየኝ ልመርመር ለሚል ኦራኩዊክ የሚባለው በአፍ የሚሠራ የራስ መመርመሪያ አለ። ምራቅ አይደለም የሚፈልገው፤ ከድድ የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። ከመጀመሩ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፤ ጥርስ ከታጠቡ 30 ደቂቃ። ከበርጫ ተነስቶ ጫቱን ከጉንጩ ሳያወጣ የሚሞክር ሰው ኪቱን በከንቱ ይጨርሳል። የዱላዋ ጠፍጣፋ ጫፍ በእጅ አትነካም፤ የላይኛውን ድድ አንድ ጊዜ፣ የታችኛውን አንድ ጊዜ ብቻ ዳር እስከ ዳር ታብሳ ወደ ብልቃጡ ትገባለች። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ 40 ሳይሞላ ይነበባል። ሁለት መስመር «ኤችአይቪ አለብህ» ማለት አይደለም፤ «ጤና ተቋም ሄደህ ሦስቱን ተመርመር» ማለት ነው። ጸሐፊው የአፉ ምርመራ ከደሙ ትንሽ ያንሳል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ቀደም ብሎ የተያዘን ሰው ለማግኘት ደም ይበልጣል። ጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ደግሞ በዚህ ኪት ራሱን መፈተን የለበትም፤ በሐሰት ነጻ ሊለው ይችላል። ይህን አይቶ «ዳንኩ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ስሕተት ነው።

አራተኛው፣ ምልክት ይጠበቅ የሚለው፣ ከሁሉም የከፋው ነው። ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንዱን ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት ማበጥና ሽፍታ ይይዘዋል። ባቲ ወይም ቆቦ ላይ ከሆነ ወባ ይባላል፤ ደሴ ላይ ታይፎይድ። ያልፋል። ከዚያ በኋላ 8 ወይም 10 ዓመት ያለ ምንም ምልክት ሊኬድ ይችላል። ምልክት የተባለው ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ነው።

ሌሎቹ የአባላዘር በሽታዎችም እንዲሁ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ። ጨብጥ በሽንት ቧንቧ ሲሆን መግልና ማቃጠል ያመጣል፤ በፊንጢጣ ወይም በጉሮሮ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም፣ በሽንት ምርመራም አይገኝም። ቂጥኝ የሚጀምረው ሕመም በሌላት አንዲት ቁስል ነው፤ ቁስሏ ፊንጢጣ ውስጥ ከሆነች ባለቤቱም አያያት። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሷ ትድናለች፤ በሽታው ግን አልዳነም፤ ከሳምንታት በኋላ መዳፍና የእግር ውስጥ ላይ ጭምር ሽፍታ ሆኖ ይመለሳል፣ ያም ይጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ ልብና አንጎል ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ደረጃ ከተገኘ መድኃኒቱ አንድ ቀን የሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ዘግይቶ ከተገኘ ያው መጠን በየሳምንቱ 3 ጊዜ።

በፊንጢጣ በኩል ሕመም፣ ደም ወይም ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ ያለበት ወንድ ብዙውን ጊዜ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅባት ተሰጥቶት ይመለሳል። የበሽታው ምንጭ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ከሆነ ቅባቱ ለወራት ቢቀባ አይጠቅመውም። ሕክምናው ሴፍትሪያክሶን በመርፌ፣ ከዚያም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ነው፤ ከበድ ያለው የክላሚዲያ ዓይነት ከተጠረጠረ ለ21 ቀን። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥ ጨብጡን አለማምዶ ማስቀረት ነው፤ ለሁለቱም ከተላመደ ቆይቷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ነው። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል፤ ክትባቱ ግን አለ፣ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር 3 ጊዜ ይወሰዳል። በሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ወሎዬ አልተከተበም።

«ክኒን ይታደላል» ስለተባለው ብዙ አልልም፤ መመሪያውን ማንበብ ይበቃል። ከመጋለጥ በፊት የሚወሰደው መከላከያ፣ ፕሬፕ የሚባለው፣ አገራችን ውስጥ የተፈቀደው ለሴተኛ አዳሪዎችና አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ላለባቸው ጥንዶች ነው። ስለዚህ በመመሪያው ለእነሱ የሚታደል ክኒን የለም። ሌላ ቦታ አግኝቶ የሚወስድ ካለ ግን ማወቅ ያለበት አለ። ክኒኑ የሁለት መድኃኒቶች ቅልቅል ነው፤ ቫይረሱ ቀድሞ በደሙ ውስጥ ላለ ሰው በቂ ሕክምና ስላልሆነ ቫይረሱን መድኃኒት ያላምደዋል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ግድ ነው፤ ከዚያም በየ3 ወሩ። ኩላሊትና ሄፓታይተስ ቢ ይታያሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ክኒኑን በድንገት ሲያቆም ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል።

ኮንዶም ላይ ጸሐፊው «ይቀደዳል» ማለታቸው ልክ ነው፤ ለምን እንደሚቀደድ ቢጨምሩበት ኖሮ ጽሑፋቸው ሰው ያድን ነበር። የሚቀድደው ቫዝሊን፣ የሕፃን ቅባት፣ የምግብ ዘይትና ቅቤ ነው፤ ዘይትነት ያለው ሁሉ ኮንዶሙ የተሠራበትን ላቴክስ በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክመዋል። በፊንጢጣ በኩል ተፈጥሯዊ ርጥበት ስለሌለ ማለስለሻ ያስፈልጋል፤ እሱም ውኃ ወይም ሲሊኮን መሠረት ያለው መሆን አለበት። ምራቅ ቶሎ ይደርቃል። ሁለት ኮንዶም መደረብ እርስ በርስ ያፋጫቸዋል። በባቲ ሙቀት ለወራት በኪስ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ኮንዶም ቀኑ ባያልፍም አይታመንም። ፊንጢጣን በሳሙና ወደ ውስጥ መታጠብም ያችኑ አንድ ንጣፍ ሽፋን ይልጣል።

«መድኃኒቱ በሽታውን ያዛምታል» የሚለው ግን የተገለበጠ ነገር ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ በምርመራ ወደማይታይ ደረጃ ይወርዳል፤ እዚያ ደረጃ ላይ እስካለ ድረስ በግንኙነት አያስተላልፍም። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓርትነር 2 የተባለ ጥናት በ14 የአውሮፓ አገሮች አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውና በመድኃኒት ያወረዱ 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። ከ76,000 በላይ ያለ ኮንዶም የተደረገ ግንኙነት ተመዝግቧል። ከጥንዱ አንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ዜሮ። 15 ሰዎች በጥናቱ ጊዜ ተይዘዋል፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ግን ሁሉም ከሌላ ሰው የያዛቸው ነበር። በሽታውን የሚያዛምተው መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው ሳይሆን ያልተመረመረው ነው። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በቀን አንድ ክኒን ነው፣ የተረጋጋ ታካሚ የ6 ወሩን በአንድ ጊዜ ይወስዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ መድኃኒት ያቋረጠና እስካሁን ያልተመለሰ ሰው ካለ፣ ካርዱ ቢጠፋም ተመልሶ መጀመር ይችላል። ጸሐፊው አገልግሎቱ ከጦርነቱ ወዲህ ተዳክሟል ማለታቸውን አልከራከርም።

ባለሙያው ይጠቁም ወደሚለው እንምጣ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት ይከለክላል፤ ይህን መካድ አንባቢን ማታለል ነው። ያው ሕግ ግን በአንቀጽ 399 በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣውን ሐኪም፣ ፋርማሲስትና አዋላጅ ይቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ጸሐፊው ነርሷ ልትጠብቀው የማለችውን ምስጢር እንድትሸጥ ነው የሚጠይቋት።

ደግሞስ ምን ብላ ትጠቁማለች? ጠብታ ደም ከማን ጋር እንደተኙ አትናገርም። ከሴትም ይሁን ከወንድ የመጣ ቫይረስ በኪቱ ላይ የሚያወጣው ያንኑ መስመር ነው። ለኤችአይቪ ምርመራ የሚያስፈልገው ፈቃድና ጣት ብቻ ነው፤ በፈቃደኝነት ምርመራ በስም ሳይሆን በኮድ መመርመር ይቻል እንደሆነ ካርድ ክፍል ሳይሆን አማካሪዋን መጠየቅ ይበጃል። አብሮ የተኛው ሰው ጾታ ለውጤቱ ምንም አይጨምርም፤ «ያለ ኮንዶም ግንኙነት ነበረኝ፣ ይህን ያህል ቀን ሆነኝ» ማለት ይበቃል። የፊንጢጣ ወይም የጉሮሮ ምልክት ካለ ግን ቦታውን መናገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረ ሐኪሙ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። «እዚህ ያመኛል፣ ፈሳሽ አለው፣ የአባላዘር በሽታ መሆኑን እዩልኝ» ማለት የማንንም ስም መጥራት አይደለም። ውጤቱ ቫይረሱ አለ የሚል ከሆነ አማካሪዋ አብረው የተኙ ሰዎች እንዲመረመሩ ትጠይቃለች፤ ይህም በፈቃድ ነው፣ ለእነዚያ ሰዎችም ማን እንደጠቆማቸው አይነገርም።

ደሴ ላይ አንዱ ላንዱ ዘመድ ነው፤ ላብራቶሪው ውስጥ ያለችው የአክስት ልጅ ትሆናለች ብሎ መፍራት ያለ ነገር ነው። ለዚህ ብሎ 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ ኮምቦልቻ የሚመረመር ሰው ምንም ስሕተት የለበትም። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ወጪ ቀጠሮ እንዳያስቀረው የ6 ወሩን መጠየቅ፣ ወይም ቦታ ለመቀየር የዝውውር ደብዳቤ ማጻፍ ይሻላል።

ጥቆማ ሲጀመር የሚሆነውም ታይቷል። ሴኔጋል በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. በኤችአይቪ መከላከል ላይ የሚሠሩ 9 ወንዶችን አሰረች፤ ከወራት በኋላ በይግባኝ ተለቀቁ፣ እስከዚያው ግን ወንዶቹ ከክሊኒኩ ሸሹ። ናይጄሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. ሕጓን ስታጠብቅ፣ ቀድሞ ሲደረግ በነበረ ክትትል ውስጥ ከነበሩት ወንዶች ሕክምና መፈለግ ያስፈራናል የሚሉት ከ25 ወደ 38 በመቶ ወጡ። ከክሊኒክ የሸሸው ሰው ከአልጋ አልሸሸም። ሚስት ያለው ወደ ሚስቱ ነው የሚሄደው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ከመጋለጥ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ በተቻለ ፍጥነት፣ ግፋ ቢል በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የአገራችን መመሪያ በተለይ የሚያነሣው በሥራ ላይ መርፌ የወጋውን ባለሙያና የተደፈረን ሰው ነው፤ የተደፈረው ወንድ ቢሆንም ያው ነው። ማክሰኞ ማታ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ ጽሑፍዎን ረቡዕ አንብቦ «ምልክት እስኪታይ ይጠበቅ» የምትለዋን ቢያምን፣ ዓርብ ማታ ጊዜው አለቀበት። የቀረውን እንከራከርበታለን፤ ያችን መስመር ግን ዛሬውኑ ያጥፏት።